የነፍሰ ጡሯ ውሻችን ሁዳዴ

የነገሌ ሰው ስለ እኔ ሁለት ነገር ያወራል። አንደኛው ውሸት ነው። ሁለተኛውን የዋሸሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ሁለቱንም ላውጋችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው፤ ብቻ ስትፈርዱ ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቴ ቤት እንዳልነበረች አስቡልኝ። ባለትዳር ለሆነ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ማስተባበያ ነው።

ባለቤቴ የሺ የሄደችው ቡሌ ሆራ ነው። ልጃችን እዚያ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። እናት ልጇን ልታርስ መሄዷ ደንብ ስለሆነ እኔም አልተቃወምኩም። ችግሩ በዚያው ሰሞን ውሻችን መከታም አርግዛ መገኘቷ ነው። የሺ ሻንጣዋን ባጃጅ ላይ ካስጫነች በኋላ እንደገና ወርዳ ጓሮ ገባች፤ የመከታን ጆሮ ሥር ስታክክ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ፣ "ልጃችንን እኔ አርሳለሁ፤ መከታን አንተ ታርሳለህ። አደራ ብያለሁ! ስመለስ እሷን ካጣሁ እኔንም አታገኘኝም" አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

የሺ ለዚህች ውሻ ያላት ፍቅር እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጅብ አጥር ጥሶ ገብቶ ነበር። የሺ ፍየሏን አላስበላም ብላ መጥረጊያ ይዛ ወጣች፤ መከታ ከጅቡ ጋር ተያያዘችና አባረረችው፤ የግራ ጆሮዋ እኩሌታም በዚያው ቀረ። እኔ በዚያን ሰዓት የት እንደነበርኩ የሺ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ስለምትናገር እዚህ መድገም አያስፈልገኝም።

ስለ እኔ ማወቅ ያለባችሁ ዋናው ነገር ጿሚነቴ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ የሰበካ ጉባኤያችንም ጸሐፊ ነኝ፤ ጿሚነቴ ግን ከሁለቱም ይበልጥ የታወቀ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የብስኩት ማሸጊያ ገልብጬ አንብቤ፣ "ወተት አለበት!" ብዬ ከሰው አፍ ያስጣልኩ ሰው ነኝ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ከተነሳ ዓሣውንም ተከራካሪውንም አልምርም። እግዜር ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሲያየኝ ኖሮ ያን ዓመት በቃህ ሳይለኝ አልቀረም።

የክርስቲያን ቤት ውሻ በሁዳዴ ወደደችም ጠላችም ትጾማለች። የቅበላ ዕለት አጥንቷን ትግጣለች፤ ከሰኞ ጀምሮ ሽሮ የነካው እንጀራ ነው። መከታም ከእኛ ጋር ስንቱን ሁዳዴ ጾማለች፤ ግን ነፍሰ ጡር ሆና አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ሽሮውን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ምስሩን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ጎመን ሳቀርብላት ጎመኑን እንኳ ሳታሸት ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ይህን አስተያየት የተማረችው ከየሺ ነው። እየዋለ እያደረ ጎድኗ ይቆጠር ጀመር፤ ሆዷ ብቻ ወደ መሬት ይንጠለጠላል።

ሲጨንቀኝ ጃርሶን ጠራሁት። ጃርሶ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የቦረና ልጅ፣ ቀልደኛ፣ ሥራው በሙሉ ከግመልና ከከብት ጋር። ውሻ የሚነካው ለክትባት ብቻ ነው። ገና ከመግባቱ የላም ደረት የሚለካበትን ሜትር አውጥቶ መከታን ዙሪያዋን ለካት።

"ላም ብትሆን ኖሮ ሞታለች እልህ ነበር" አለ። "ምን ትበላለች?"

"ሽሮ።"

"ሌላስ?"

"አንዳንዴ ምስር።"

ሜትሩን ጠቀለለ። "መምህር፣ እሷን ማን ክርስትና አነሳት?"

ከዚያ ቀልዱን ተወና ሆዷን በመዳፉ ዳበሰ። "ስማኝ። ሦስት ሳምንት ቢቀራት ነው። ወተትና ሥጋ ካላገኘች ለማማጥ አቅም አይኖራትም። ቡችሎቹ ሆዷ ውስጥ ይቀራሉ፤ እሷም አትተርፍም።"

የየሺ ፊት ድቅን አለብኝ። እሺ፣ ወተት ይገዛ። ግን ከየት? ዝናቡ ቀርቶ የላም ወተት ከከተማው ጠፍቷል። የሚገኘው ከከተማው ዳር ካለው ቆላ በጀሪካን የሚመጣው የግመል ወተት ብቻ ነው። እኛ ከሰሜን የመጣን ክርስቲያኖች ደግሞ የግመል ወተት እንኳን በሁዳዴ በፍስክም አንነካም። ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ መልስ ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ፤ እኔ ዝም ብዬ ነው የማልነካው።

"ለውሻ ነው ብዬ ብገዛስ?" አልኩት ጃርሶን።

"በዚህ ድርቅ? ቦረና መሀል ቆመህ 'ለውሻ ወተት ስጡኝ' ልትል? በል ስትሄድ ጃርሶን አላውቀውም በል፤ ትረገማለህ!" ብሎ ከት ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ አይቼዋለሁ እኮ። ግን ቃሉን ይዤ ሳቁን ተውኩት። የተማረ ሰው ሲሳሳት እንዲህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባዶ ጀሪካን በፌስታል ደብቄ ገበያ ወረድኩ። ወተት ሻጮቹ ከሚኒባሱ መናኸሪያ ጀርባ በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። ከሁሉም ፊት ያለችው አዴ ሎኮ ናት፤ ትልቋን ልጇን አስተምሬያታለሁ፣ ታውቀኛለች። ድምጿ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ይሰማል።

"አካም፣ መምህር! ናጋ?"

"ናጋ፣ አዴ ሎኮ። ሁለት ሊትር ስጪኝ" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ምን አልክ?"

"ሁለት ሊትር።"

"ለማን ነው? እናንተ ጾም ላይ ናችሁ አይደለም?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እርግማኑ ታወሰኝ፤ አጠገቧ በጡት ያለ ልጅ ያዘለች ሴት ግማሽ ኩባያ ብቻ ገዝታ ስትሄድ አየሁ፤ ለውሻ ነው ማለቱን ተውኩት። በእሱ ምትክ አፌ የራሱን አወጣ።

"ለራሴ ነው። ጨጓራዬን ታምሜ… ሐኪም አዞልኝ ነው።"

"ዋዩ!" ብላ ደረቷን መታች፤ ወዲያው ዞር ብላ ለረድፉ ሁሉ በኦሮምኛ አወጀች። ከአዋጁ መሀል ጨጓራ የሚለውን ለየሁ፤ እሱም በቂ ነበር። ስምንት ሴቶች ከበቡኝ። አንዷ ሆዴን በጣቷ ጫን አድርጋ፣ "እዚህ ጋ ነው?" አለች። እዚያ ጋ ነው አልኳት። ሌላዋ የለም ወደ ግራ ነው የሚሆነው አለች። ወደ ግራም አለ አልኩ። በሽታዬ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲያ ሲሰፋ አይቼ ደንግጬ ወተቴን ይዤ ሮጥኩ።

መከታ ሁለቱን ሊትር እስከ ማታ ጨረሰችው። ጭራዋን ስታወዛውዝ ካየኋት ሳምንት አልፎ ነበርና ደስታዬ ኀፍረቴን አስረሳኝ። እንግዲህ በየቀኑ እመላለሳለሁ፤ አዴ ሎኮም በየቀኑ ስለ ሆዴ ትጠይቀኛለች። "ትንሽ ተሽሎሃል?" "ትንሽ።" "ፊትህ ግን አልተመለሰም።" ፊቴማ እንዴት ይመለሳል? ወተቱን የምትጠጣዋ ሌላ ናት።

በአምስተኛው ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። "አፍልተህ ነው የምትጠጣው?"

"አዎ።"

"ለዚህ ነዋ የማይሻልህ! ትኩሱን እዚሁ፣ እኔ እያየሁህ ጠጣ።" ኩባያውን እስከ አፉ ሞልታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከቦረና እጅ የተሰጠ ወተት አልጠጣም ማለት ሰላምታ እንደ መንሳት ነው። ረድፉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። ኩባያውን አነሳሁ፤ ከንፈሬን እንደ በር ዘጋሁ፤ ማንቁርቴን ሦስት አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረግሁ። አልዋጥኩም። ዛሬም ፍርድ ቤት ብቀርብ አልዋጥኩም እላለሁ። ከዚያ "ቀሪውን ቤት እጨርሰዋለሁ" ብዬ ወደ ጀሪካኑ ገለበጥኩና ዞር ስል አቶ ዘለቀ ፊት ለፊቴ ቆመዋል።

አቶ ዘለቀ የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ሳቅ የማያውቁ። ጎመናቸውን ታቅፈው ቆመው ኩባያውን አዩ፤ ጀሪካኑን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው አፌ ላይ ቆየ።

"ደህና አደሩ?" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና ሄዱ። ጺሜ ላይ የወተቱ አረፋ ነጭ መስመር ሠርቶ እንደነበር ያወቅሁት ቤት ገብቼ መስታወት ሳይ ነው።

ወተቱ በዚህ መልክ ሲቀጥል ሥጋውም ነበር። የክርስቲያን ሥጋ ቤት እስከ ፋሲካ ዝግ ነው፤ ክፍት የሆነው የሙስሊሞቹ ነው። ይህ እንደ እኔ ላለ ሰው ምን ያህል ትልቅ አጥር እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም። እንዳልታወቅ ጋቢ ተከናንቤ ሄድኩ። በነገሌ ሙቀት፣ በአሥር ሰዓት፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው እንዴት እንደሚታይ ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። በዚያ ላይ ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበርና ለማፍጠሪያ ሥጋ ሊገዛ የመጣው ሰው ተሰልፏል። እኔም ከመሀላቸው ተሰለፍኩ።

ተራዬ ሲደርስ፣ "አጥንት ካለ… ሳንባም ቢሆን" አልኩ።

ባለሥጋ ቤቱ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ፊቱ በራ። "ወንድሜ፣ በዚህ በተከበረ ወር ላንተ ሳንባ አልመዝንም" አለና የፍየል ጎድን ቆርጦ ሰጠኝ፤ ከኋላዬ የተሰለፉትም "ማሻ አላህ" አሉ። ጎድኑን ይዤ ስወጣ ነገሩ ምን እንደሆነ በከፊል ገብቶኛል። ግን ምን ልበል? ጎድኑ ለውሻ ነው ብዬ ልመልሰው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢያችን ሁለት ዓይነት ማዕድ ይቀርብ ጀመር። መከታ ጎድን ትግጣለች፤ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ጎመን አላምጣለሁ። አንድ ዓርብ ቀን ሥጋዋን ሳማስል ማንኪያው ሳላዘው ወደ አፌ መንገድ ጀምሮ ነበር። መከታ አየችኝ። መለስኩት። እንዳልበላሁ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ምስክር ብዬ የትም አላቀርባት።

ወሬው ከእኔ በፊት መንገዱን ይሄድ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች "አሰላሙ ዐለይኩም" ይሉኛል፤ የማውቃቸው ደግሞ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። ጎረቤታችን ሀጂ ሸምሱ አንድ ምሽት፣ ልክ የማፍጠሪያው የመግሪብ አዛን ሲል፣ የሱቃቸውን በር ዘግተው ሳምቡሳና ሾርባ ይዘው መጡ። ሀጂ ሸምሱ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ የሸበቱ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ስኳርና ሳሙና ከእሳቸው ነው የገዛነው።

"አንተ ሰው" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "የሰማሁት እውነት ከሆነ አላህ ያጽናህ። እውነት ካልሆነ ደግሞ ጉርብትናችን ያው ነው፤ ሳምቡሳው ግን ሳይቀዘቅዝ ይበላ።"

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ሳምቡሳውን በገዛ እጃቸው ይዘው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ሳምቡሳ ማን ሊበላው እንደሆነ በምን አፌ ልንገራቸው? አመሰገንኳቸው። መከታ በዚያ ረመዳን ያላፈጠረችበት ቀን የለም።

ቀጥሎ የሺ ደወለች። ልጃችን ሴት ልጅ ወልዳለች፣ በሰላም ተገላግላለች፣ የሺ ግን ገና አራት ሳምንት ትቆያለች። ደስታችንን ከተቋደስን በኋላ ድምጿ ተለወጠ።

"ሰልመሃል አሉኝ።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"ሦስት ሰው ደውሎልኛል። በሁዳዴ ሥጋ ይበላል፣ የግመል ወተት በኩባያ ይጠጣል አሉኝ።"

"የሺ፣ እኔ እኮ…"

"ቆይ። መከታስ?"

"መከታ ደህና ናት። ወፍራለች።"

"እሰይ!" አለችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "በል ያንተን ስመጣ እንነጋገርበታለን።" ስልኩን ዘጋችው። በትዳራችን ውስጥ ያለኝን ተራ ከዚያ በፊት እጠረጥር ነበር እንጂ እንዲህ ቁርጡን አላውቅም ነበር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንደ ወትሮው ማስታወቂያ ላነብ ስነሳ ሕዝቡ ጸጥ አለ። ስለ አጥር ጥገናው ነበር ያነበብኩት፤ ማንም የሰማ አይመስለኝም፤ ሁሉም አፌን ነበር የሚያየው። ከቅዳሴ በኋላ አቶ ዘለቀ ከንስሐ አባቴ ከመምሬ ታዬ ጋር ጥግ ይዘው ሲነጋገሩ አየሁ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ከልቤ አዘንኩ። ሰው ስሙን ለማቆም ስንት ዓመት ይለፋል፤ ለመጣል ግን ሁለት ሊትር ወተት ይበቃል። ልተወው አሰብኩ። መከታ መጥታ አገጯን ጉልበቴ ላይ አስደገፈች፤ ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር እግሬን ረገጠኝ። ሰኞ ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ወረድኩ።

ምጧ የመጣው ቅዳሜ ረፋድ ነው። ሳሎን ገብታ የየሺን ምንጣፍ መቧጠጥ ስትጀምር ነጩን ጋቢዬን አነጠፍኩላት፤ የቤተ ክርስቲያኑን፣ አዎ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ምንም የለም። ስምንት ሰዓት ሆነ። ታቃስታለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እጄን ትልሳለች። ጃርሶ ደግሞ ለግመል ክትባት ወደራ ወደሚባለው ወረዳ ሄዷል። ደወልኩለት።

"ሁለቱን የፊት እግሮች ፈልግና ወደ ታች ሳብ!" አለኝ በጩኸት።

"ጃርሶ፣ ላም አይደለችም እኮ!"

"እግር የለውም እንዴ?" አለ፤ ኔትወርኩም እዚያው ላይ ተቋረጠ።

መከታ ዓይኗን መክደን ስትጀምር አለቀስኩ። አንድ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ውሻ ታቅፎ አለቀሰ፤ ይኸው ተናገርኩ። የአጥሩ በር የተንኳኳው በዚያች ደቂቃ ነው። ዓይኔን ጠርጌ ወጣሁ። መምሬ ታዬ መስቀላቸውን ይዘው፣ አቶ ዘለቀ ከኋላቸው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሕይወቴ ውስጥ ያልፈለግሁት እንግዳ ቢኖር ያን ሰዓት የመጣው ነበር።

"ልጄ" አሉኝ መምሬ ታዬ፣ "የጠፋ በግ ቢኖር እረኛው ይፈልገዋል። ልንመክርህ ነው የመጣን።"

"አባቴ፣ ሌላ ቀን ቢሆን…"

ከውስጥ ከባድ ማቃሰት ተሰማ። አቶ ዘለቀ ጆሯቸውን አቀኑ። "ማን ነው የሚያቃስተው? ባለቤትህ ቡሌ ሆራ አይደለችም እንዴ?"

ከዚህ በኋላ የሚያዋጣ ውሸት አልነበረኝም። በሩን ከፈትኩላቸው። መምሬ ታዬ ጋቢውን አዩ፣ ውሻዋን አዩ፣ እኔን አዩ። ለምክር የመጡበትን ነገር ሁሉ ረሱት መሰለኝ መስቀላቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከረፋድ።"

"ዘይት አምጣ። ከመቀሰሴ በፊት አባቴ ቤት ስንት በግ አዋልጃለሁ።"

"የቱን ዘይት?"

"ወጥ የምትሠራበትን! ቶሎ በል!"

ዘይቱን አመጣሁ። መምሬ ተንበርክከው በጣታቸው ዳሰሱ፤ "ተጣሞ ነው" አሉ፤ ከመከታ ጋር እየተነጋገሩ፣ "አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ" እያሉ ቀስ ብለው አቃኑትና ምጧ ሲመጣ አብረው ሳቡት። ወጣ። ግን አይንቀሳቀስም። እሳቸው ወደ ቀጣዩ ሲዞሩ ያን እፍኝ የማይሞላ ነገር ለአቶ ዘለቀ አቀበሏቸው። አቶ ዘለቀ፣ ሳቅ የማያውቁት፣ ነጠላቸውን አውልቀው ያሹት ጀመር። "በል ተነስ! ተነስ ብያለሁ!" እያሉ እንደ ምልምል ወታደር ያዝዙታል። ሲ…ጥ አለ። አቶ ዘለቀ ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ሌሎች አምስት ቡችሎች ተከታትለው መጡ። መከታ አንድ በአንድ ላሰቻቸው።

እጃችንን ስንታጠብ አቶ ዘለቀ ጥግ ላይ ያለውን ጀሪካንና የጎድን አጥንት የሞላበትን ሳህን አዩ። ቀስ በቀስ ነገሩ ገባቸው።

"ይሄ ሁሉ ለእሷ ነበር?"

"ለእሷ ነበር።"

"ያ ጺምህ ላይ የነበረውስ?"

"አልዋጥኩም።" ከዚያ ከጃርሶ እርግማን ጀምሬ እስከ ሀጂ ሸምሱ ሳምቡሳ ሁሉንም ነገርኳቸው። አቶ ዘለቀ ሳቁ። ሲስቁ እንዴት እንደሆኑ ሊነግራችሁ የሚችል ሰው በነገሌ ከእኔና ከመምሬ በቀር የለም። ወንበሩ ተንገዳገደ። ነገሩ አለፈ ብዬ እኔም አብሬ ስስቅ መምሬ ታዬ ሳቃቸውን ቀድመው ጨረሱ።

"ጾምህን አልሻርክም። ግን ያቺ ሴትዮ በድርቅ ዘመን ለበሽተኛ ብላ ወተቷን ሰጥታሃለች፤ አንተም ስታታልላት ከርመሃል። ንስሐህ ይህ ነው፦ ሰኞ ገበያ ወርደህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለማን እንደነበር ትነግራታለህ።"

"አባቴ፣ ከእንግዲህ አልሸጥም ብትለኝስ? አሁን እኮ የሚጠቡ ስድስት ቡችሎች አሏት። ወተት ከቀረባት ሁሉም ያልቃሉ።"

"እሱን ከእሷ ጋር ጨርስ" አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ።

ሰኞ ወደ ገበያ ወረድኩ። ስሜን አላሰብኩም፤ ስሜስ አንዴ ሞቶ ተቀብሯል። ያስፈራኝ ባዶ ጀሪካን ይዤ መመለስ ነው። አዴ ሎኮ ከሩቅ አይታኝ ኩባያዋን ማለቅለቅ ጀመረች።

"አዴ ሎኮ፣ አትቅጂ። መጀመሪያ ስሚኝ" አልኳት። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ረድፉ ሁሉ ዞረ። "እኔ ጨጓራ የለብኝም። ዋሽቼሻለሁ። ወተቱን የሚጠጣው ውሻ ነው።"

ኩባያው እጇ ላይ ቆመ።

"ሰሬ?" አለች።

"አዎ፣ ውሻ። እርጉዝ ነበረች፣ ልትሞትብኝ ነበር። ለውሻ ነው ካልኩ አትሸጡልኝም፣ ትረግሙኛላችሁ ተብዬ ነው።"

"ማን ነው እንዲህ ያለህ?"

"ጃርሶ፣ የእንስሳት ሐኪሙ።"

"ጃርሶ!" ብላ ጭኗን መታች። "የእህቴ ልጅ እኮ ነው! ከልጅነቱ ጀምሮ እውነት ተናግሮ አያውቅም!" ረድፉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ሳቋን ቶሎ ዋጠችና ጎንበስ ብላ አየችኝ። "እኔ እኮ በየማለዳው ግመሎቼን ሳልብ ለሆድህ ዋቃን እለምን ነበር። 'ይህ ወተት ሆዱን ያድንለት' እያልኩ።"

በዚያ ገበያ መሀል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዲት የማትዘመደኝ ሴት፣ ከብቶቿ በድርቅ ያለቁባት፣ በየማለዳው ስለ እኔ ሆድ ትጸልያለች፤ እኔ ደግሞ ማንቁርቴን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ጀመርኩ፤ ቃሉ አላልቅ አለኝ።

"ወለደች?" አለችኝ።

"ቅዳሜ። ስድስት።"

"ሁሉም አሉ?"

"አሉ።"

"እሷስ?"

"እሷም አለች። ደህና ናት።"

አዴ ሎኮ ሰማዩን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ጀሪካኔን ከእጄ ወሰደችና መቅዳት ጀመረች። "ታዲያ የለመንኩት የትኛው ሆድ እንደሆነ ዋቃ ከእኔ የበለጠ ያውቅ ነበር" አለች። ሁለቱ ሊትር ሞላ። አላቆመችም፤ ሦስተኛውን ጨመረች። "የወለደች ወተት ይገባታል። ግን ጡት ሲጥሉ አንዷን ሴት ለእኔ ታመጣለህ፤ ግልገሎቼን ጅብ እየጨረሰብኝ ነው።"

ሦስት ሊትሩን ያለ ፌስታል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ ተሸክሜው ተመለስኩ። ሀጂ ሸምሱ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ለማን ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ቆሜ ለእያንዳንዳቸው ነገርኳቸው።